መሃል ሰው አለ

በዚያ ሰፈር የሁለቱን እውነተኛ ስም የሚያውቅ ሰው ቢኖር ፖስታ አድራሹ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው እሷ እትዬ መርፌ ናት፣ እሱ ጋሽ ፉርጎ። እትዬ መርፌ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስትለካ፣ ስትቆርጥና ስትሰፋ የኖረች ናት፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ ካላንጠለጠለች ራቁቷን የወጣች ይመስላታል። የደንበኛዋ ወገብ ሰፍቶ ብታገኘው እንኳ «ወፍረሻል» አይወጣትም፤ «ጨርቁ ታጥቦ ገብቷል» ነው የምትለው። አንቱ ያላትን ሰው ደግሞ «ምነው፣ ጥርሴ ሲረግፍ አየህ እንዴ?» ብላ ታፈጥበታለች። እኔም እሷ እያልኩ የምተርከው ፈርቻት እንጂ ደፍሬያት አይደለም፤ ይታወቅልኝ።

ጋሽ ፉርጎ ባሏ ነው። ባቡር ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ ሲያያይዝና ሲፈታ ያረጀ ሰው። ሥራው በአፍ ሲወራ ቀላል ነው። ጎታቹ ባቡር ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይመጣና ይቆማል፤ ጋሽ ፉርጎ ጎንበስ ብሎ በሁለቱ ብረቶች መሃል ይገባል፤ የልጅ ክብደት ያለውን ሰንሰለት አንስቶ መንጠቆው ላይ ይጥላል፤ ይወጣል፤ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ወጥቻለሁ!» ብሎ ይጮኻል። ይህችን ቃል ካልሰማ ነጂው ባቡሩን ንክች አያደርገውም። አለቃ ቢቆጣ፣ መንገደኛ ቢያጉረመርም፣ ሰዓት ቢያልፍ የነጂው መልስ አንድ ነው፦ «መሃል ሰው አለ።» ጋሽ ፉርጎ ዐሥር ጣቱን ይዞ ጡረታ የወጣው በዚህች ቃል ነው። ቃሏን የናቁ ሰዎችንም ያውቃል፤ ስለነሱ ግን ማውራት አይወድም።

ጡረታ የወጣ ሰው አበባ ይተክላል፣ ዳማ ይጫወታል። እሱ ምን አደረገ? ከጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ጠረጴዛ ዘረጋና ትንሽ ባቡር ተከለበት። መጫወቻ ነው ብትሉት ይቀየማችኋል! ሐዲዱ፣ መታጠፊያው፣ ፉርጎ የሚያድርባቸው ጥጎች፣ ሁሉም እንደ እውነተኛው ሆኖ መጠኑ ብቻ ነው የተቀነሰው። ፉርጎዎቹ ከጣት አይረዝሙም፤ የሚያያዙትም እንደ ታላላቆቻቸው በመንጠቆና በሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቷን ለማየት ዓይንን ጠበብ ማድረግ ያስፈልጋል። እሱ ያያይዛል፣ እትዬ መርፌ የኤሌክትሪኩን ማዞሪያ ትይዛለች። ነጂዋ እሷ ናት። ከሻይ በኋላ ሁለት ያረጁ ሰዎች በር ዘግተው «ወጥቻለሁ!» «ነዳሁ!» እየተባባሉ ሲጯጯኹ ጎረቤት ምን እንደሚያስብ እግዜር ይወቅ። አንድ ቀን ቃሉን ሳትሰማ ማዞሪያውን ብታዞረው እስከ እራት አኮረፋት። «ጣቴን በልተሽው ነበር እኮ!» አላት። ጣቱ ከባቡሩ ይወፍራል፤ ግን ሕግ ሕግ ነው።

ከዚያ ስትሮክ መታው። አንደበቱን ማረለት፣ እግሩም በምርኩዝ መራመድ ጀመረ፤ ቀኝ እጁ ግን የሰው አደራ ይመስል ጭኑ ላይ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሐኪሙ «በግራው ይለማመድ፣ ቀኙንም ሥራ አያስፈታው፤ ግን ራሱ ካልፈለገ እኔ ተአምር አላመጣም» አለ። ራሱ አልፈለገም። ያ ነገረኛ፣ ያ ቀልደኛ ሰውዬ በአንዲት ቃል ቀረ፦ «ተዪው።» ሾርባው ይሙቅልህ? ተዪው። መስኮቱን ልክፈተው? ተዪው። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ ጓሮዋ ክፍል ሲገባ እትዬ መርፌ በበሩ ስንጥቅ አየችው። በግራ እጁ ያቺን ሰንሰለት መንጠቆው ላይ ሊጥል ይታገላል፤ ፉርጎው ይሸሸዋል፤ የሚይዝለት ሌላ እጅ የለም። በመጨረሻ ፉርጎው መሬት ወደቀ። አላነሳውም። መብራቱን አጥፍቶ ወጣና «ተዪው» አላት። ምንም አልጠየቀችውም ነበር።

ትልቋ ልጃቸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። ሁልጊዜ እንደረፈደባት ነው፤ ሻይ እንኳ ቆማ ነው የምትጠጣው። ክፋት የላትም፤ የእናቷ ጀርባ ሲጎብጥ ማየት አቅቷት ነው አንድ ቀን ነገሩን ያነሳችው።

«እማዬ፣ አባዬ ወደ መኝታ ቤት የሚያወጣው ደረጃ ከብዶታል። አንድ ቀን ደግፈሽው ስትወጪ ሁለታችሁም ተያይዛችሁ ትወድቃላችሁ። የጓሮዋ ክፍል ደረጃ የላትም፤ መኝታ ትሁነው። ቅዳሜ አናጺ ይዤ እመጣለሁ፣ ጠረጴዛውን ይፈታታዋል።»

«አባትሽን ጠይቂው» አለች እትዬ መርፌ። ይቆጣል፣ ምርኩዙን ያነሳል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር።

ልጅቷ ጠየቀችው።

«ይፈታ» አለ ጋሽ ፉርጎ ቀና እንኳ ሳይል። «ምን ይሠራልኛል?»

ልጅቷ አልተሳሳተችም፣ የደረጃው ነገር እውነት ነው። ግን ያ ጠረጴዛ ከፈረሰ ይህ ሰውዬ አብሮ እንደሚፈርስ ለእትዬ መርፌ ነጋሪ አላስፈለጋትም። ቅዳሜ ሳይደርስ ባሏን ወደዚያ ጠረጴዛ መመለስ አለባት። ካልሆነ አልጋው ይገባል፣ እሱም አልጋው ላይ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያወርደዋል?

ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ወጣች።

የትንንሽ ባቡር ዕቃ የሚሸጥባት ሱቅ ምድር ቤት ናት፤ ወደ እሷ የሚያወርደው ደረጃ ጠባብ ነው። ባለሱቁን ሰው ሁሉ መነጽሩ ይለዋል፤ አንዱን መነጽር ዓይኑ ላይ፣ ሌላውን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሦስተኛውን ሲፈልግ የሚውል ሰው ነው።

«ባለቤቴ አሁን በአንድ እጁ ነው» አለችው። «ሰንሰለቱ እምቢ አለው። የማያስቸግር ማያያዣ ስጠኝ።»

መነጽሩ ዕቃዎቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረላት። ይሄ በቀለበትና በመንጠቆ ነው፤ ገፋ ሲያደርጉት ይያዛል፣ ለመፍታት ግን አንዱን ይዞ ሌላውን ማንሳት ይጠይቃል፤ ሁለት እጅ ማለት ነው። ይሄ ማግኔት ነው። ይሄኛው ደግሞ ዘንግ ነው፤ በፉርጎው ሆድ በኩል በብሎን ይታሰራል፣ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ፉርጎዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው አይለያዩም።

«ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ ፉርጎዎች ካሉ» አለ መነጽሩ፣ «በመሃላቸው ዘንግ ነው የሚሻለው። አይበጠስም፣ አያስቸግርም። ጫፍና ጫፋቸው ላይ ግን...»

«ዘንጉን ስጠኝ።»

«እሺ፣ ጫፋቸው ላይ ግን እትዬ...»

«ዘንጉን ልጄ፣ ዘንጉን! ሾርባ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ለሚያጣድፏት ደንበኞቿ ስትተርተው የኖረችውን ተረት እሷው ራሷ በዘንቢል ይዛው ወደ ቤቷ ሄደች።

ሥራው ለልብስ ሰፊ ባዳ አይደለም። ጋሽ ፉርጎ ከሰዓት ሲያሸልብ ፉርጎዎቹን በጀርባቸው ገልብጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ ብሎኖቹን ታጠብቃለች። ጥሩ ስፌት አይታይም፤ እሷም ፉርጎዎቹን ክፍተት እንዳይታይባቸው አድርጋ አስጠጋግታ አሰረቻቸው። በቀጥታው ሐዲድ ላይ ሲሄዱ አቤት ማማር! መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ግን ማዕዘንና ማዕዘናቸው ተጋጨና የመሃለኛው ከሐዲዱ ወጥቶ ተዘረረ። ደግማ ሞከረች፣ ደግሞ ተዘረረ። እትዬ መርፌ ትንሽ ስታየው ቆየችና ግንባሯን መታች።

«ውይ እኔ! መቀመጫውን ረሳሁት!»

ቆመው ሲለኩት ልክክ ያለ ቀሚስ ሲቀመጡ ይተረተራል፤ ይህን ያላወቀ ልብስ ሰፊ ሁለተኛ ደንበኛ አያገኝም። ለፉርጎ ደግሞ መቀመጥ ማለት መታጠፍ ነው። ረዘም ያሉትን ዘንጎች አወጣችና በጣም ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ለካቻቸው፤ ልብስ የሚፈተነው በሚያስጨንቅበት ቦታ ነውና። አሁን ሁሉም ተያያዘ። ከጎታቹ እስከ መጨረሻው ፉርጎ አንድ ወጥ ባቡር። ዞረ፣ ዞረ፣ አንዴም አልሳተም። ደስታዋን አትጠይቁኝ።

ጋሽ ፉርጎን እየጎተጎተች አመጣችውና ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ማዞሪያውን አዞረች። ባቡሩ በመታጠፊያው አልፎ በጥጎቹ አጠገብ ሄዶ ተመልሶ መጣ። እሷ ዓይኗን ከባቡሩ አልነቀለችም፤ ባሏን ብታየው ኖሮ ቀድማ ታውቅ ነበር።

«ማነው ወጥቻለሁ ያለሽ?» አላት።

«እ?»

«ማዞሪያውን ስታዞሪው። ማነው ወጥቻለሁ ያለሽ?»

«የሚገባ ሰው የለማ! ሁሉንም አስሬዋለሁ። ከእንግዲህ አንተ ምንም መልፋት የለብህም።»

ባቡሩ አንዴ ዞሮ እስኪመለስ በዓይኑ ተከተለው። «ጥሩ ነው» አለ ከዚያ። «ግድግዳ ላይ ስቀዪውና ሰዓት ይቁጠርልን።» ምርኩዙን ይዞ ወጣ።

እትዬ መርፌ እንዴት ተናደደች መሰላችሁ! ዕቃ ስታጥብ ሳህኑ አለቀሰ። ዓይኗ እስኪጠፋ ብሎን አጥብቃ፣ ሾርባዋን አሳርራ፣ ይሄ ነው ምስጋናው? ውለታ ቢስ! ሰዓት ይለዋል? ከዚያ ድስቱን መፈግፈግ ስትጀምር ንዴቱ ለቀቃትና ዕንባዋ መጣ። ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ ቅዳሜ ግን እየቀረበ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ሸሚዙን ታለብሰው ጀመር። ከታመመ ወዲህ እጅጌውን የምታስገባለት፣ ቁልፉን ከላይ እስከ ታች የምትቆልፍለት እሷ ናት፤ እሱ አገጩን ቀና አድርጎ ጣራ ጣራውን ያያል። እጇ ፈጣን ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ያን ቀን ግን ገና የላይኛዎቹ ቁልፎች ላይ እንዳለች ግራ እጁን እጇ ላይ አሳረፈ።

«አንቺ» አላት። «እኔንም እንደዚያ ባቡር አሰርሽኝ እኮ።»

«ምን አደረግኩህ?»

«ክፉ አላደረግሽም። ትቆልፊኛለሽ፣ ዳቦ ትቆርሺልኛለሽ፣ ታበጥሪኛለሽ። ፉርጎውንም አሰርሽው፤ እጅሽ ይባረክ፣ መታጠፊያው ላይ እንኳ ንቅንቅ አላለም። ግን እኔ የት ልግባ? መሃሉን ሁሉ ሰፍተሽ ዘጋሽው።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ለአንተ ብዬ እኮ ነው» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው፣ ግማሽ ውሸት መሆኑን ስታውቅ ዋጠችው። ግራ እጁ ከአንዲት ቁልፍ ጋር ሲታገል ማየት ስለማትችል ነው የምትቆልፍለት። ፍቅር ነው ያለችው ነገር ግማሹ ትዕግሥት ማጣት ነበር። ባቡሩም እንደዚያው። ይህ ሰው ባቡር ሲዞር ማየት መቼ ወድዶ ያውቃል? እሱ የሚወደው መሃል መግባትና መውጣት ነው።

«የቀረውን አንተ ጨርሰው» አለችና ላለማየት ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ከብዙ ቆይታ በኋላ ለቁርስ ሲመጣ አንዷ ቁልፍ ዘላ ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ገብታለች፤ ሸሚዙ በአንድ በኩል ወደ ላይ ተሰቅሏል። ልብስ ሰፊ ናት እኮ! እጇን በላት፤ ጣቶቿ በራሳቸው ሊሄዱ ደረሱ። ምላሷን ነክሳ ሻይ ቀዳች።

ወደ ሱቁ ስትመለስ መነጽሩ አልገረመውም።

«ግማሹን ሰምተሽ ነበር የሄድሽው» አላት።

«አሁን ጨርሰው። ሾርባ አልጣድኩም።» ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አብረው ለሚሄዱት በመሃላቸው ዘንግ። ጫፍና ጫፋቸው ላይ ግን የሚፈታ ነገር! ጫፍና ጫፋቸው ላይ! ሰውየው የሚሠራው እዚያ ጋ ነው። ሁለት ወይ ሦስት ፉርጎ አንድ ላይ ታስሪያለሽ፣ ያ አንድ ጓድ ይሆናል። በጓድና በጓድ መሃል ማግኔት። ሲጠጋ በራሱ ይይዛል፣ አንድ እጅ ይበቃዋል።»

«የትኛውን ከየትኛው ጋር ልሰረው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ባለሙያ ቤትሽ ቁጭ ብሎልሻል፤ ጠይቂው።»

ብትጠይቀው «ተዪው» እንደሚላት ታውቃለች። ሴትዮዋ ግን ሞኝ አይደለችም። በምሳ ሰዓት ዘንጎቹን ፈትታ ፉርጎዎቹን በዳቦውና በሾርባው መሃል ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ጋሽ ፉርጎ።

«ሦስት ሦስት አድርጌ ላስራቸው ነው። ደስ ያለኝን ደስ ካለኝ ጋር።» ነዳጅ የሚጭነውን ድብልብል ፉርጎ አነሳችና ከሰል ከጫነው ጎን ገተረችው፤ በዚያኛው ጎኑ ደግሞ የከብቱን አስጠጋች።

ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ቆመ። «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቀለማቸው ይስማማል።»

«ቀለማቸው!» ሾርባው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። «ነዳጅ ከከሰል ጋር? ከጎኑ ከብት? ጣቢያውን ልታነጂው ነው እንዴ፣ ሴትዮ?»

«ታዲያ እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ቀለም ነው።»

«ዞር በይ! እጅሽን አንሺ!» ማንኪያውን ወረወረው። ዳቦውን በክንዱ ገፋው። ግራ እጁ አንዱን ፉርጎ ጣለ፣ አነሳ፣ ሌላውን ገለበጠ፣ አቀናው። «ነዳጅ ከነዳጅ ጋር ነው የሚሄደው። ሁለት ነዳጅ፣ ከፊታቸው ባዶ ፉርጎ፤ ከጎታቹ እንዲያርቃቸው። ከሰሉ ለብቻው። ከብቱ ፊት ፊት ይሂድ፣ ኋላ ከሆነ ይንገላታል። እንስሳ እኮ ነው! ቀለም ትለኛለች...»

ሾርባው ቀዘቀዘ። «ተዪው» የምትለው ቃል በዚያ ምሳ ላይ አንዴም አልተሰማችም። እትዬ መርፌ ጨው ላምጣ ብላ ወጥ ቤት ገባችና ሽርጧን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነባት፣ ልቅሶውንም ጨርሳ ጨው ሳትይዝ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ጓሮ ናቸው። እሱ ያዛል፣ እሷ ዘንግ ታስራለች፣ በጓዶቹ ጫፍ ላይ ማግኔት ትለጥፋለች። ፉርጎው አልያዝ ሲላት ጋሽ ፉርጎ ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ከላዩ ላይ ጫነበት። «ይህቺ ቦዘኔ እንኳ ድንጋይ ሆና ትሥራ» አለ። ማጣበቂያው እስኪደርቅ ቦዘኔዋ ፀጥ ብላ ያዘች።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ጉድ አፈላ። የነዳጁን ጓድ ወደ ከሰሉ ሲያስጠጋው ከሰሉ ሸሸ። ተከተለው፤ እንደገና ሸሸ። ሐዲዱን ሙሉ አባረረው።

«ምን ሆነው ነው?» አለች እትዬ መርፌ።

«ተኳርፈዋል።»

«ማን አኳረፋቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ የወለድሻቸው አንቺ ነሽ!» አለና ሳቀ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ምርኩዙ ወድቆ፣ ዓይኑ ዕንባ እያቀረረ ሳቀ።

ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ማግኔት እንደ ጨርቅ ፊትና ጀርባ አለው፤ ፊትን ከፊት ጋር ቢገጥሙት ይገፋፋል። እትዬ መርፌ የከሰሉን ጓድ ማግኔት ገልብጣ ነበር የለጠፈችው። ነቅላ አስተካከለችና በየጓዱ ራስ ላይ ቀይ ክር አሰረች፤ ቀይ ያለበት ወደ ፊት። አብረው የታሰሩ ፉርጎዎች ራሳቸውና ጅራታቸው ስለማይለወጥ አንዴ መጠንቀቅ ይበቃል። ቀጥሎ የመፍታቱ ነገር መጣ፤ በእጅ ሲጎትቱት ባቡሩ ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። ከቁልፍ ጣሳዋ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ እንዳይታጠፍ የምትከተተውን ስስ የፕላስቲክ ምላስ አወጣችለት። በሁለቱ ማግኔቶች መሃል ከትቶ ጠምዘዝ ሲያደርጋት ጠቅ ብለው ተለያዩ። ከጣቶቹ ግን ደጋግማ ትወድቅበታለች። በወደቀች ቁጥር እትዬ መርፌ እጆቿ እንዳይቀድሟት ጭኖቿ ሥር ትቀብራቸዋለች። እሱ ያነሳታል፤ ቆይቶም ቢሆን ያነሳታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ ለማን ይመስላችኋል? ለተማሪው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቀውም ነው።

የአልጋውን ነገርም አልረሳችም። ሲያሸልብ ሳሎኑን በሜትሯ ለካችው። የስፌት መኪናዋ ከቆመበት ከመስኮቱ ሥር ከተነሳ አልጋ ይገባል፣ ምርኩዝ የሚያልፍበት ቦታም ይተርፋል። መኪናዋ ያን ብርሃን አግኝታ እዚያ ስንት ዓመት ቆማለች! ቅር ብሏታል፣ አልዋሽም። ግን መኪናን ጓሮ ማስገባት ይቻላል።

ቅዳሜ ልጅቷ የአናጺውን የመሣሪያ ሳጥን ራሷ ተሸክማ ከተፍ አለች፤ አናጺው ከኋላዋ ያለከልካል።

«እማዬ! የት ናችሁ? አውቶቡሱን መንገድ ላይ ነው ያቆምኩት!»

የጓሮዋን በር ከፈተችና ደፉ ላይ ቆመች። አባቷ ጠረጴዛው ላይ ጎንብሷል። ምርኩዙ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሸሚዙ በአንድ ቁልፍ ተዛንፏል። የነዳጁን ጓድ ከባቡሩ ቆርጦ ጥጉ ላይ ሊያሳድረው ነው። የኮሌታዋ ምላስ በግራ እጁ ውስጥ ሆና ወደ ማግኔቶቹ ትጠጋለች፣ ትስታለች፣ ትጠጋለች፣ ትስታለች። እናቷ ማዞሪያው አጠገብ ተቀምጣለች፤ እጇ ማዞሪያውን አልነካም።

ምላሷ ከጣቶቹ አመለጠችና ሐዲዱ ላይ ወደቀች። ልጅቷ ሳጥኑን ጥላ እጇን ዘረጋች።

«አባዬ፣ ቆይ እኔ...»

«እጅሽን መልሺ!» አለች እትዬ መርፌ። «መሃል ሰው አለ።»

ልጅቷ እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረች። በዚህ ቃል ያደገች ልጅ ናት፤ ትርጉሙን ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበችው። አናጺው ምን እንደሆነ ሳይገባው ባርኔጣውን አወለቀ። ጋሽ ፉርጎ ሰው መግባቱንም አልሰማም፤ ምላሷን በጥፍሩ ቆንጥጦ አነሳት፤ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እንደገና ጎነበሰ። እትዬ መርፌ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች። በሕይወቷ እንደዚያ የከበዳት ሥራ የለም፤ የሙሽራ ቀሚስ በአንድ ሌሊት መስፋት ከዚያ ይቀላል።

ምላሷ ገባች። ጠመዘዛት።

ጠቅ።

ሁለቱ ነዳጅና ባዶው ፉርጎ ጥጉ ላይ ቀሩ። ጋሽ ፉርጎ እጁን ከሐዲዱ አራቀ፣ ወገቡን ደገፍ አድርጎ ቀስ እያለ ቀና አለ። ከዚያ ግራ እጁን ከነምላሷ ጣራውን እስኪነካ ድረስ ወደ ላይ ዘረጋው።

«ወጥቻለሁ!»

መንገድ ላይ በቆመው አውቶቡስ አጠገብ የሚያልፍ ሰው እንኳ ሳይሰማው አልቀረም። ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እትዬ መርፌ ማዞሪያውን ፈለገችው፤ ዕንባ ዓይኗን ሞልቶት የት እንዳለ ጠፋት፤ በዳበሳ ጠረጴዛውን ትዳስሳለች።

«ምነው ነጂ፣ ተኛሽ እንዴ?» አለ ጋሽ ፉርጎ፣ እጁን ሳያወርድ። «ሰዓት እያለፈ ነው!»

«ነዳሁ» አለች እትዬ መርፌ፣ «ነዳሁ፣ አትጩኽብኝ።» ለአናጺውም ፊቷን ሳታዞር «አልጋው ሳሎን ነው የሚገባው፣ መስኮቱ ሥር፣ ለክቼዋለሁ» አለችና ማዞሪያውን አዞረች።